የስፖርት ካርድ ለማን ይሰበሰባል? የአሮጌና የአዲስ ካርዶች አሰባሰብና አቀራረብ ዳሰሳ

በኦገስት 2022 አሜሪካ ውስጥ አንድ የቤዝቦል ካርድ በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካርዱ ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ በ1952 ያሳተመው ሲሆን የኒውዮርክ ያንኪሱ ሚኪ ማንትል ምስል አለበት። ከሦስት ዓመት በኋላ የማይክል ጆርዳንና የኮቢ ብራያንት ፊርማ ጎን ለጎን ያረፈበት ካርድ 12.93 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ክብረ ወሰኑን ወሰደ። ቶፕስ ራሱ ግን ከ1952ቱ ኅትመት መጋዘን ውስጥ የተረፈውን ክምር የሚገዛው ስላጣ በ1960 በቆሻሻ ጀልባ አስጭኖ ከኒው ጀርሲ ዳርቻ ራቅ አድርጎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጥሎታል። ይህን የተናገረው ከዚያ ዓመት ካርዶች ነዳፊዎች አንዱ የነበረው፣ ሲጣሉም በቦታው የነበረው ሳይ በርገር ነው።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ወረቀቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰው ለወረቀቱ የሚሰጠው ቦታ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ያንን ለውጥ ነው፦ ካርድ ከየት መጣ፣ ዋጋውን ማን ይወስናል፣ ማንን አስታወሰ፣ ማንንስ ዘለለ፣ በቤትና በሙዚየም እንዴት ቢቀመጥና ቢታይ ይበጃል? አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ካርድ መሰብሰብ የሚከበር ሥራ የሚሆነው ሰብሳቢው ካርዱን ሲያውቀው፣ ሲመዘግበውና ለሌላ ሰው ዓይን ሲያቀርበው ነው። በሣጥን ተቆልፎ ዋጋው እስኪጨምር የሚጠበቅ ካርድ የነጋዴ ዕቃ ነው፤ ንግድ ነውር ባይሆንም ስብስብ ግን አይባልም።

ከሲጋራ ፓኮ ወደ ማስቲካ

የስፖርት ካርድ የተወለደው ለስፖርት ተብሎ አይደለም። በ1880ዎቹ የአሜሪካ ሲጋራ አምራቾች ስስ ፓኳቸው እንዳይጨማደድ አንድ ጠንካራ ወረቀት ያስገቡበት ነበር። ወረቀቱ ባዶ ከሚሆን ሥዕል ቢታተምበት ገዢ ይስባል ብለው አሰቡ። የቨርጂኒያ ሪችመንዱ አለን ኤንድ ጊንተር በ1887 የዓለም ሻምፒዮናዎች ብሎ ያወጣው ስብስብ የቤዝቦል ተጫዋቾችን፣ ቦክሰኞችን፣ ቀዛፊዎችንና ተኳሾችን አንድ ላይ አሰልፏል። በዚያው ዘመን ጉድዊን የተባለው ድርጅት ኦልድ ጃጅ በተሰኘው ሲጋራው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾችን ፎቶግራፍ በካርቶን ላይ እየለጠፈ አወጣ። እንግሊዝ ውስጥም ዊልስና ጆን ፕሌየር የመሳሰሉት ትምባሆ ሻጮች የእግር ኳስና የክሪኬት ተጫዋቾችን በየፓኮው አከፋፍለዋል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወረቀት እጥረት በ1940 ልማዱን እስኪያስቆመው ድረስ የእንግሊዝ ልጅ ከሲጋራ ገዢ አባቶች ካርድ ሲለምን ኖሯል።

ከትምባሆው ዘመን ስሙ የገነነው ቲ206 የሚባለው ስብስብ ነው። ከ1909 እስከ 1911 የታተመ ሲሆን 524 ካርዶች አሉት። የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ኮከብ ሆነስ ዋግነር ካርድ ኅትመቱ ገና በጅምሩ ስለተቋረጠ ዛሬ የሚታወቀው ቅጂ ከ60 አይበልጥም። አንዳንዶች ዋግነር ሕፃናት በሱ ምክንያት ትምባሆ እንዲገዙ ስላልፈለገ ነው ያስቆመው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ለምስሉ ስላልተከፈለው ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ክርክሩ አንድ ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደነበረ ያሳያል፦ በተጫዋቹ ፊት የሚጠቀመው ማነው?

ከዚያ ማስቲካ የትምባሆን ቦታ ወሰደ። በ1933 የቦስተኑ ጎውዲ ኩባንያ 240 ካርዶች ያሉት ስብስብ ሲያወጣ ቁጥር 106 ጠፋ። ልጆች ያችን አንዲት ካርድ ፍለጋ ማስቲካ መግዛታቸውን ቀጠሉ፤ ካርዷ ግን አልታተመችም ነበር። ቅሬታው ሲበዛ ኩባንያው በማግስቱ ዓመት የናፕ ላጆዌን ምስል በዚያ ቁጥር አሳትሞ ለጠየቁት በፖስታ ላከ። ዛሬ ከዋና ዋና ብርቅዬዎች አንዷ የሆነችው ካርድ የተወለደችው ከልጆች ቅሬታ ነው። የጎደለች ካርድ ሰውን እንዴት እንደምታሯሩጥ ኢንዱስትሪው ያን ጊዜ ተረዳ፤ እስከ ዛሬም አልረሳውም።

አሁን ካርድ ስንል የሚታየንን መልክ ያስያዘው የ1952ቱ ቶፕስ ነው። ሳይ በርገርና ዉዲ ጌልማን ብሩክሊን ውስጥ በአንድ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የነደፉት ስብስብ 407 ካርዶች ነበሩት። ከፊቱ የቀለም ምስል፣ የቡድን አርማና የፊርማ ቅጂ፣ ከጀርባው የተጫዋቹ አጭር ታሪክና የውጤት ሰንጠረዥ። ቤዝቦል በቁጥር የሚወደድ ጨዋታ ነውና ልጁ ካርዱን ገልብጦ ማንበብ ለመደ። በ1957 መጠኑ 64 በ89 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ዛሬ የሚሸጡት አልበሞችና መያዣዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ ልክ ነው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ያዘ። ጣሊያን ሞደና ከተማ ውስጥ ጋዜጣ ይሸጡ የነበሩት የፓኒኒ ወንድማማቾች በ1961 የመጀመሪያውን የእግር ኳስ አልበማቸውን አወጡ። ለሜክሲኮው የ1970 የዓለም ዋንጫ ያዘጋጁት አልበም ደግሞ ልማዱን ድንበር አሻገረው። የፓኒኒ ሰብሳቢ ዓላማ አንድ ውድ ካርድ መያዝ ሳይሆን አልበሙን መሙላት ነው፤ ለዚያም የግድ ከጎረቤት ልጅ ጋር መለዋወጥ አለበት። አሜሪካዊው ሰብሳቢ ነጠላውን ሲያነግሥ አውሮፓዊው ሙሉውን አከበረ። ሁለቱ ልማዶች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ካርዱን ቅርስ ያደረገው ሰው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተጫዋቾቹ ሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ሜዳ ገብቶ ያልተጫወተ ሰው ነው። ጄፈርሰን በርዲክ በኒውዮርክ ግዛት ሲራክዩዝ ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ካርድ የልጆች መጫወቻ ብቻ ተደርጎ በሚቆጠርበት ዘመን ያገኘውን ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ በ1939 የመጀመሪያውን የካርድ መዝገብ አሳተመ። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርዶች ኤን፣ የሃያኛው ቲ፣ የቀድሞዎቹ የከረሜላ ካርዶች ኢ፣ የ1930ዎቹ የማስቲካዎቹ ደግሞ አር የሚል ምልክት ተሰጣቸው። ዛሬ ሚሊዮኖች ሲወጡበት ቲ206 ብለን የምንጠራው በበርዲክ ምልክት ነው።

ከ1947 ጀምሮ ስብስቡን ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። ከ300 ሺሕ በላይ ልዩ ልዩ የታተሙ ወረቀቶች ሲሆኑ ከነዚህ ውስጥ የቤዝቦል ካርዶቹ ብቻ ከ30 ሺሕ ይበልጣሉ። የመገጣጠሚያ በሽታ እጁን እያጠመመው፣ ሙዚየሙ በሰጠው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ በአልበም ላይ ለጠፋቸው። ሥራውን በጃንዋሪ 1963 ጨረሰ፤ በማርች አረፈ። ካርድ በሙጫ መለጠፍ ለዛሬው ገበያ ዋጋ መግደል ነው። በርዲክ ግን ለገበያ አልሠራም። ለማያውቃቸው ሰዎች ሠራ፤ ዛሬም ሙዚየሙ ከስብስቡ እያፈራረቀ ለሕዝብ ያሳያል። ለእኔ የሰብሳቢ መለኪያው ይህ ነው።

ዋጋ ከየት ይመጣል?

የካርድ ዋጋ በሦስት ነገሮች ይቆማል፦ በባለ ምስሉ ዝና፣ በቅጂው ብዛትና በካርዱ ይዞታ። አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ብዙ አይረዱም። ዝነኛ ሆኖ በሚሊዮን የታተመ ካርድ ርካሽ ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ኖሮት ባለ ምስሉን ማንም ካላወቀውም እንዲሁ። ተጫዋቹ በሊጉ ሲጀምር የሚወጣው የመጀመሪያ ካርድ፣ ሩኪ የሚባለው፣ ከኋለኞቹ ሁሉ የሚበልጠው ሰዎች የታላቅነትን መነሻ መያዝ ስለሚወዱ ነው። የ1958ቱ የስዊድን አሊፋቦላገት የፔሌ ካርድ፣ የ1979ኙ ኦ ፒ ቺ የዌይን ግሬትዝኪ ካርድ፣ የ1986ቱ ፍሊር የማይክል ጆርዳን ካርድ ክብራቸው ከዚህ ይመጣል።

ብዛት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የ1980ዎቹን መጨረሻና የ1990ዎቹን መጀመሪያ መመልከት ይበቃል። ቶፕስ ለብዙ ዓመታት ብቻውን የያዘውን ገበያ በ1980 የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከፈተው፤ በ1981 ፍሊርና ዶንረስ ገቡ፤ በ1989 ደግሞ አፐር ዴክ የሚያብረቀርቅ ማኅተም ያለበት፣ በጥሩ ወረቀት የታተመ ስብስብ ይዞ መጣ። የአባቶቻቸው ካርዶች በውድ ሲሸጡ ያዩ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን የወደፊት ትምህርት ክፍያ በካርድ ሣጥን አኖርን አሉ። አሳታሚዎቹም የተጠየቁትን ያህል አተሙ። የድሮዎቹ ካርዶች የተወደዱት እናቶች ስለጣሏቸው፣ ልጆች በብስክሌት ጎማ ላይ እየሰኩ ስለጨረሷቸው ነበር። ሁሉም ሰው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ነገር ግን ብርቅ ሊሆን አይችልም። የ1994ቱ የቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ሲጨመርበት ገበያው ወደቀ። የዚያ ዘመን ያልተከፈቱ ሣጥኖች ዛሬም በየምድር ቤቱ ተቆልለዋል፤ አብዛኞቹ የተገዙበትን ዋጋ እንኳ አያወጡም።

ሁለተኛው ትምህርት የቅርብ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ሰዎች ቤት ሲውሉ ገበያው እንደገና ጋለ። ከፍተኛውን የ10 ደረጃ ያገኘ የ1986ቱ የጆርዳን ካርድ በጃንዋሪ 2021 738 ሺሕ ዶላር ተሸጠ። ያው ዓመት ሳያልቅ ያው ካርድ በዚያው ደረጃ ከግማሽ በታች ይሸጥ ነበር። በዚህ ደረጃ ያሉት ቅጂዎች ከ300 በላይ ስለሆኑ ብርቅነቱ የተጋነነ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በጥድፊያው ወር የገዛ ሰው ኪሳራውን ለብቻው ተሸከመ።

በፕላስቲክ የታሸገ እምነት

ይዞታን የሚለኩ ድርጅቶች መበርከት የካርዱን ዓለም ከሥሩ ለውጦታል። በ1991 የተመሠረተው ፒ.ኤስ.ኤ. ካርዱን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጥና በማይከፈት ጠንካራ ፕላስቲክ ያሽገዋል። ከሱ በኋላ ኤስ.ጂ.ሲ.ና ቤኬት ተከተሉ። አራቱ ማዕዘኖች ስለታቸውን ጠብቀዋል? ጠርዙ ተላጧል? ምስሉ መሐል ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል? ገጹስ ተቧጭሯል? በ9 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የሚያዝ አይመስልም፤ በዋጋ ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። በሩቅ አገር ካለ ሻጭ የሚገዛ ሰው ካርዱ ሐሰተኛ አለመሆኑን የሚነግረው ገለልተኛ ወገን ያስፈልገዋል። ነገር ግን የዚህ ሥርዓት መነሻ ራሱ ማስጠንቀቂያ አለው። ፒ.ኤስ.ኤ. በመጀመሪያ ተራ ቁጥር ያሸገው ካርድ የሆኪው ኮከብ ግሬትዝኪና ሸሪኩ በ1991 በ451 ሺሕ ዶላር የገዙት የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው፤ 8 ተሰጠው። በ2007 2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 ካርዱን ቀድሞ ይዞት የነበረው የጨረታ ነጋዴ ቢል ማስትሮ ጠርዙን ቆርጦ እንዳሳመረው በፍርድ ቤት አመነ፤ በተያያዘው የጨረታ ማጭበርበር ክስም በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። የተቆረጠ ካርድ በደረጃ ሰጪዎቹ በራሳቸው ደንብ ቁጥር ሊሰጠው አይገባም ነበር።

ከዚህ የምወስደው ነገር ደረጃ መስጠት ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ፕላስቲኩ ላይ ያለው ቁጥር የሰው ፍርድ ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል፣ ይታለላልም። ስለዚህ ካርዱን እንጂ ቁጥሩን አትግዙ ብሎ የድሮ ሰብሳቢዎች የሚመክሩት ምክር ትክክል ነው። ውድ አሮጌ ካርድ የሚገዛ ሰው ማሸጊያውን ያመስግን፤ ግን መጠኑን ይለካ፣ የወረቀቱን ዕድሜና የቀለሙን አጣጣል ይማር፣ ካርዱ በማን እጅ እንዳለፈ ይጠይቅ።

አዲሱ ካርድ

ዘመናዊው ካርድ ከአሮጌው የሚለየው ብርቅነቱ በዕቅድ ስለሚመረት ነው። የዋግነር ካርድ ብርቅ የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ የዛሬው ግን ጥጉ ላይ ከ99 አንዱ፣ ከ10 አንዱ፣ ከ1 አንዱ የሚል ቁጥር ታትሞበት ይወጣል። በ1997 አፐር ዴክ ከተጫዋች ማልያ የተቆረጠ ጨርቅ በካርድ ውስጥ አስገባ፤ ሰው ወደደው። በ2003 ግን ዶንረስ ቤብ ሩት የለበሰውን ማልያ ከ260 ሺሕ ዶላር በላይ ገዝቶ በመቀስ ቆራርጦ በካርዶች ሲበትነው ብዙዎች ተቆጡ። ሙዚየም ሊያኖረው የሚገባን ልብስ አጥፍቶ ፍርፋሪውን ማካፈል ለእኔም ከመሰብሰብ ተቃራኒ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ካርዶች ከጀርባቸው በደቃቅ ጽሑፍ ጨርቁ ከየትኛውም የተለየ ግጥሚያ እንዳልመጣ ይገልጻሉ። ገዢው ያንን መስመር ሳያነብ ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

የዕድል ነገር በገና 2024 በደንብ ታየ። የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ወጣት ኳስ ወርዋሪ ፖል ስኪንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሊጉ ሲጫወት ማልያው ላይ የነበረው ምልክት የተሰፋበትን ብቸኛ ካርድ ካሊፎርኒያ የሚኖር የ11 ዓመት ልጅ ከፓኬት ውስጥ አገኘው። ቡድኑ ለካርዱ የ30 ዓመት የስታዲየም ትኬት እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ ቤተሰቡ ለጨረታ አቀረበውና በማርች 2025 1.11 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዜናው አስደሳች ነው። ሆኖም ያንኑ ፓኬት ከፍተው ምንም ያላገኙት በሺሕ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በዜና አልተነሡም። አሁን ፓኬት በቀጥታ ሥርጭት እየተከፈተ ሰዎች በቡድን ድርሻ የሚገዙበት ንግድ ተስፋፍቷል። ገንዘብ ከፍሎ፣ ምን እንደሚደርስ ሳያውቁ፣ በደስታና በቁጭት መካከል ደጋግሞ መክፈል የሎተሪ ጠባይ ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ልጃችሁ ካርድ ሲጠይቃችሁ የሚወደውን ተጫዋች ነጠላ ካርድ ከሱቅ ወይም ቅዳሜና እሁድ በየአዳራሹ ከሚደረጉት የካርድ ገበያዎች መርጣችሁ ግዙለት። የፈለገውን ያገኛል፤ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

ገበያውም እንደገና ወደ አንድ እጅ እየሄደ ነው። ፋናቲክስ የተባለው የስፖርት ዕቃ ኩባንያ በ2021 ከታላላቅ የአሜሪካ ሊጎች ጋር ብቸኛ የኅትመት ውል ተፈራርሞ በጃንዋሪ 2022 ቶፕስን ገዛ። ፓኒኒም ውድድርን አጠፋ ብሎ በ2023 ከሶታል። ብቸኛ አሳታሚ ሲኖር ጥራትና ዋጋ በአንድ ሰው ቢሮ ይወሰናል፤ የ1933ቱ የጎደለች ቁጥር ታሪክ የሚነግረንም ይህንኑ ነው።

ካርድ የዘለላቸው

ካርድ የታላላቆች መዝገብ ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የገበያ መዝገብ ነው። ከ1947 በፊት ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋቾች በተለየ ሊግ ስለተወሰኑ የአሜሪካ ትምባሆና ማስቲካ ሻጮች አላተሟቸውም። እንደ ኦስካር ቻርልስተን ያሉት የታተሙት በክረምት ሊጫወቱ ሲሄዱ በ1920ዎቹ የኩባ የትምባሆ ካርዶች ላይ ነው። ከሁሉም ኃይለኛ መቺ የሚባለው ጆሽ ጊብሰን በጃንዋሪ 1947፣ የዘር ክልከላውን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን በዋናው ሊግ ከመጫወቱ ጥቂት ወራት በፊት አረፈ። የሚፈለገው ካርዱ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1950 እና 51 ነው። በሜይ 2024 የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ሲደባለቅ ጊብሰን በ.372 አማካይ የሁሉም ጊዜ ቀዳሚ መቺ ሆነ። መዝገቡ ከስንት አሥርት ዓመታት በኋላ ታረመ፤ ያልታተመ ካርድ ግን አይታረምም።

በተቃራኒው ጄሲ ኦወንስ በ1936 በበርሊን አራት ወርቅ ሲያገኝ ምስሉ የናዚ ጀርመን የሲጋራ ኩባንያ ባሳተመው የኦሊምፒክ አልበም ውስጥ ገባ። የጀርመን ቤተሰቦች ያን ጥቁር ሯጭ በእጃቸው ለጠፉት። ካርድ አንዳንድ ጊዜ አሳታሚው ያላሰበውን እውነት ይዞ ይቆያል።

ለኢትዮጵያ አንባቢም እዚህ ላይ የሚነካው ነገር አለ። አትሌቲክስ እንደ ቤዝቦልና ቅርጫት ኳስ በየዓመቱ ስብስብ የሚታተምለት ስፖርት አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው በሉቺያኖ ቫሳሎ የተመራው ቡድን ነው። እነዚህን የምናስታውሰው በየዓመቱ በታተመ ካርድ ሳይሆን በጋዜጣ ፎቶግራፍ፣ በቴምብርና በየቤቱ ግድግዳ በተሰቀለ ምስል ነው። ታላቅነታቸው አያንስም፤ ማስታወሻቸው ግን ተበትኖ ስላለ ሰብሳቢ ይፈልጋል።

ካርድን ማሳየት

ለካርድ ትልቁ ጠላት ብርሃን ነው። የሚያደርሰው ጉዳት ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ አንዴ የደበዘዘ ቀለምም አይመለስም። ከቀለሙ ይልቅ ደግሞ ፊርማ ቶሎ ይጠፋል። ሙዚየሞች በቀላሉ ለሚጎዱ ወረቀቶች ብርሃኑን 50 ሉክስ ገደማ ላይ ይገድባሉ፤ የተራ ሳሎን መብራት ከዚህ ይበልጣል። ሜትሮፖሊታን የበርዲክን ካርዶች እያፈራረቀ የሚያሳየው ለዚህ ነው። በ2018 ዴንቨር በሚገኘው የኮሎራዶ ታሪክ ሙዚየም ከሦስቱ ባለ 10 የ1952 የማንትል ካርዶች አንዱ ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ ከጎጂ ጨረር በሚከላከል መስታወት ውስጥ፣ በጠባቂ ታጅቦ ታይቷል።

በቤት ውስጥ መርሁ ያው ነው። ካርዱን መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ። አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል መስታወት ወይም አክሪሊክ ተጠቀሙ፤ ሆኖም ተራው ብርሃንም ስለሚጎዳ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ካርዶቹን ለውጡ። እጅግ ውድ የሆነው ካርድ ጥሩ የቀለም ቅጂ ተሠርቶለት ቅጂው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ዋናው በጨለማ ቢያርፍ ነውር የለውም፤ ሙዚየሞችም ያደርጉታል። አየሩ ቢቻል ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ይሁን። በ1990ዎቹ የታተሙ የሚያብረቀርቁ ካርዶች በእርጥበት እርስ በርስ ተጣብቀው ሲለያዩ ይላጣሉና እንደ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ባሉ እርጥበታማ ከተሞች የምትኖሩ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ።

መያዣም ይመረጣል። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ለስላሳና ጠረን ያለው ፕላስቲክ ከጊዜ ጋር የሚያወጣው ኬሚካል ወረቀቱን ያበላሻል፤ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኤቲሊን ወይም ፖሊስተር የተጻፈበትን ግዙ። ካርዱ መጀመሪያ ስስ ከረጢት ውስጥ፣ ከዚያ ጠንካራ መያዣ ውስጥ ይግባ። በላስቲክ አትሰሩት፤ ጠርዙን ይቆርጣል። አሮጌ ካርድን በላጲስም በውኃም ለማጽዳት አትሞክሩ።

ከሁሉ በላይ የሚጎድለው ግን መግለጫ ነው። ብዙ ቤቶች ውስጥ ውድ ካርዶች በጥሩ ክፈፍ ተሰቅለው አይቻለሁ፤ ከሥራቸው ግን አንድ መስመር የለም። እንግዳው የሚያየው ባዶ ፊት ነው። ባለ ዘጠኝ ኪስ የአልበም ገጽ አንድ ትንሽ ኤግዚቢሽን መሆን ይችላል፤ ዘጠኝ ካርዶች አንድ ጥያቄ ቢመልሱ፦ አንድ ተጫዋች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓመት፣ አንድ ቡድን በአንድ የድል ዘመን፣ ወይም ያው ሰው በተለያዩ አገሮች ካርዶች ላይ። የካርዱ ጀርባም ይታይ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። ስሙን፣ ዓመቱን፣ አሳታሚውንና ይህን ካርድ ለምን እንደመረጣችሁ በሦስት መስመር ጻፉ። የሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ዝርዝር ያዙ፤ ለኢንሹራንስም ለወራሽም ይጠቅማል።

አብነት ለሚፈልግ ሦስት ቦታዎችን ልጠቁም። የዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1954 ባለቅኔው ካርል ሳንድበርግ የሰጡት፣ ከ1887 እስከ 1914 የታተሙ 2,100 የቤዝቦል ካርዶች አሉት፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ ያያቸዋል። የኩፐርስታውኑ የቤዝቦል ሙዚየም በ2019 ስለ ካርድ ብቻ የሚናገር ክፍል ከፍቷል። ሞደና ውስጥ ደግሞ ጁዜፔ ፓኒኒ በ1992 ለከተማው የሰጠው ስብስብ የሚገኝበት የካርድና የስቲከር ሙዚየም አለ። ሦስቱም ዕውቀትን እንጂ ዋጋን አያስቀድሙም።

ፍርድ

ካርድ መግዛት አስተማማኝ የቁጠባ መንገድ አይደለም፤ የ1990ዎቹም የ2021ም ታሪክ ይመሰክራል። ጥሩ ሰብሳቢ ለመሆን ገንዘብ ዋና ነገር አይደለም፤ የበርዲክ የፋብሪካ ደመወዝ በቅቷል። አዲስ ለሚጀምር ሰው ከመግዛቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ እላለሁ፦ ነገ ዋጋው ቢወድቅ ይህን ካርድ በደስታ አስቀምጠዋለሁ? ስለሱ ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ማውራት እችላለሁ? ሌላ ሰው የሚያይበት ቦታ አለኝ? ለሦስቱም አዎ ካለ ይግዛ፤ ለአንዱም አይደለም ካለ ገንዘቡን ያቆይ።

በውጭም በአገር ቤትም ላላችሁ አማርኛ አንባቢዎች አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ የድሮ ቡድን ፎቶ፣ የሯጭ ምስል ያለበት ቴምብር፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ የግጥሚያ ዘገባ ይኖራል። በሙጫ አትለጥፉት፤ በተነገራችሁት ዓይነት ከረጢት ውስጥ አድርጉት። ማን እንደሆነ፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማን እንደሰጣችሁ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ስሞቹን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት እያሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።